መሃሉ ቦግ፣ ጥጉ ድብዝዝ፦ የፕሮጀክተርና የቲቪ ብርሃን የት ነው የሚቀረው?

ሰኞ ገበያ (ደሴ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ኳስ የምናሳይበት ቤት አለኝ። ፕሮጀክተሩ ባለ ሦስት ፓናል ኤልሲዲ ነው፤ ድሮ ለቢሮ ስብሰባ ያገለግል የነበረ፣ ሁለተኛ እጅ የገዛሁት። 3000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይላል። ሸራዬ ወደ ጎን 3 ሜትር ነው።

ችግሩ ይኸውላችሁ። መሃል ሜዳ ላይ ኳሷ ቁልጭ ብላ ትታያለች፤ ወደ ማዕዘን ምት መምቻው ስትጠጋ ግን ምስሉ ይደበዝዛል። በስተግራ ላይኛው ጥግ ደግሞ ሣሩ አረንጓዴነቱ ቀርቶ ወደ ቢጫ ይሄዳል። «ላምፑ አርጅቷል» ተባልኩና አዲስ አስገባሁ። መሃሉ ጨመረ፣ ጥጉ ያው ሆነ፤ እንዲያውም ልዩነቱ አፍጦ ወጣ። ቀን ጨዋታ ሲኖር ደንበኞቼ አይናቸውን እያሹ ነው የሚያዩት፤ አንዳንዱ ሳይጨርስ ይወጣል። ሌላ ልግዛ ወይስ የሚስተካከል ነገር አለው? የምታውቁ አትንፈጉኝ።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

አብሽር ወንድሜ። 3000 ሉመን ለኳስ ቤት ጥንቱንም አይበቃም። ባለ 5000 ውሰድና ገላግለው። ጥግ ምናምን እያሉ መነካካት ገንዘብና ጊዜ መጨረስ ነው፤ ብርሃን ሲበዛ ጥጉም አብሮ ይበራል።

ቴስተር (ኮምቦልቻ)

ጦሳ ሥር፣ በዚህ አልስማማም። የቲቪና የፕሮጀክተር ጥገና ነው ሥራዬ። «ብርሃን አነሰው» ተብሎ ከሚመጣልኝ ዕቃ አብዛኛው ብርሃን አላነሰውም፤ ያመነጨው ብርሃን መንገድ ላይ እየቀረ ነው እንጂ። ባለ 5000 ገዝቶ በዚያው አቀማመጥና በዚያው አቧራ ካሠራው ሲውል ሲያድር ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

ሰኞ ገበያ፣ እስኪ እነዚህን መልስልኝ። ላምፑ የተቀየረው ከነቤቱ ነው ወይስ ቡልቡ ብቻ ተነቅሎ በአሮጌው አንጸባራቂ ላይ ሌላ ተለጠፈበት? ልዩነቱ ትልቅ ነው። የእነዚህ ላምፖች ብርሃን የሚወጣው በሁለት የብረት ጫፎች መካከል ካለች 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ነው። ያቺ ክፍተት በአንጸባራቂው ፎከስ ላይ ልክ ካልተቀመጠች ብርሃኑ መግቢያውን ይስታል። በእጅ የተለጠፈ ቡልብ ልኩን የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው።

ሁለተኛ፣ ፕሮጀክተሩ ሸራው ፊት ለፊት ነው ያለው ወይስ ከጎን ሆኖ በኪስቶን (የተንጋደደ ምስል በሚያቃናው ማስተካከያ) ነው ያቃናኸው? ከጎን ከሆነ የሚርቀው ጎን ይደበዝዛል፤ ያው ብርሃን ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ይዘረጋልና። ኪስቶን ደግሞ ቅርጹን እንጂ ብርሃኑን አያቃናም። የፓናሉን ከፊል ያጠቁርና በቀረው ይሠራል፤ የጠቆረው ላይ ያረፈው ብርሃን ባክኖ ቀረ።

ሦስተኛ፣ ሜኑ ውስጥ «ሃይ አልቲቲውድ» የሚል፣ ለከፍታ ቦታ ፋኑን የሚያፈጥን አለ፤ አብርተኸዋል? ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ናት። አምራቾቹ ብዙውን ጊዜ ከ1500 ሜትር ጀምሮ ይህን አብሩ ይላሉ። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ፋኑ በተለመደው ፍጥነት ዞሮ ውስጡን አያቀዘቅዘውም። ኮምቦልቻ ቆላ ትመስላለች እንጂ እሷም ከ1800 ሜትር በላይ ናት። በደጋው ወሎ ይህ ተዘግቶ የሚሠራ ፕሮጀክተር ሁሉ ውስጡ እየተጠበሰ ነው፤ ቀድሞ የሚጠበሰው ደግሞ ፖላራይዘሩ (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፈው ስስ ፊልም) ነው። ቢጫዋን ጥግ የምጠረጥረው በዚህ ነው።

እሱን ለመለየት ሙሉ ቀይ፣ ሙሉ አረንጓዴ፣ ሙሉ ሰማያዊ፣ ሙሉ ነጭና ሙሉ ጥቁር ስላይድ በየተራ አሳይ። እድፉ በየትኛው ቀለም ላይ እንደወጣ ጻፍልኝ። ከዚያ ነጩን ስላይድ ተወውና ስልክህ ላይ የሉክስ (አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን) መለኪያ አፕ ጫን። ሸራውን በሐሳብህ ሦስት በሦስት ከፋፍለህ፣ በየክፍሉ መሃል የስልኩን ፊት ወደ ፕሮጀክተሩ አዙረህ ያዝ። አንሲ ሉመን የሚባለው የፕሮጀክተር ብርሃን መለኪያ ራሱ በእነዚህ ዘጠኝ ነጥቦች ነው የሚሰላው፤ ወጥነቱን ለማወቅ አራቱ ጥጎች ይጨመሩበታል። የስልክ ልኬት ቁጥሩ እውነተኛ ባይሆንም አንዱን ነጥብ ከሌላው ለማነጻጸር ይበቃል።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)

ጋሼ ቴስተር ውለታዎ አለብኝ። የተቀየረው ቡልቡ ብቻ ነው፤ ሻጩ «ያው ነው» ብሎኝ። ፕሮጀክተሩ በስተግራ ግድግዳ ላይ መደርደሪያ ተሠርቶለት እዚያ ነው ያለው፤ ኪስቶኑ ሄዶ ሄዶ ጫፍ ደርሷል። ሃይ አልቲቲውድ ጠፍቶ ነበር፤ አሁን ሳበራው ፋኑ ድምፁ ጨመረ።

እድፉ ሰማያዊው ላይ ነው። ሙሉ ሰማያዊ ሳሳይ በግራ ላይኛው ጥግ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ጠቁሮ ይታያል፤ ቀዩና አረንጓዴው ላይ የለም። ልኬቱ፦ መሃል 390፣ ግራ ላይ 210፣ ግራ ታች 260፣ ቀኝ ላይ 160፣ ቀኝ ታች 150።

የአየር ፊልተሩን አውጥቼ ወደ መስኮት ይዤ አየሁት፤ በቀዳዳው ብርሃን አያሳልፍም። አቧራው ከእጣኑና ከከሰሉ ጢስ ጋር ተጋግሮ በጣት ሲነካ ይጣበቃል። ቡናው የሚፈላው ከመደርደሪያው ሥር ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ጢሱ ቀጥታ ወደዚያ ይወጣል።

መምህር ዘሐይቅ (ሐይቅ)

ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ይህ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ሲያብሰለስለኝ የኖረ ነው። ፈቃዳችሁ ከሆነ ብርሃኑ የት የት እንደሚቀር ከሥሩ ልንገራችሁ፤ መንገዱን ያወቀ ሰው ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ያስባል።

ኤልሲዲ ፓናል ውስጥ ያለው ፈሳሽ ክሪስታል ራሱ አያበራም። ሥራው ከኋላው የመጣውን ብርሃን ማሳለፍና መከልከል ብቻ ነው። ይህን የሚያደርገው በሁለት ፖላራይዘሮች መካከል ተቀምጦ የብርሃኑን የመርገብገቢያ አቅጣጫ በማዞር ነው። ከላምፕም ሆነ ከኤልኢዲ የሚወጣ ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ ይርገበገባል፤ የመጀመሪያው ፖላራይዘር ግን የሚያሳልፈው አንዱን አቅጣጫ ብቻ ነው። ስለዚህ ገና ከበሩ ግማሹ ይዋጣል፤ የተዋጠው ደግሞ ሙቀት ይሆናል። ቲቪ ከሆነ ቀጥሎ የቀለም ፊልተር አለ፦ ቀዩ ነጥብ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ይውጣል፣ ሌሎቹም እንዲሁ፤ ከቀረው አንድ ሦስተኛ ገደማ ያልፋል። በየነጥቡ መካከል ያሉት ሽቦዎችና ትራንዚስተሮችም የሚሸፍኑት ቦታ አለ። ይህ ሁሉ ሲደማመር ተራ ኤልሲዲ ፓናል ከኋላው ከተሰጠው ነጭ ብርሃን ለዓይናችን የሚያደርሰው ከመቶ አሥሩን እንኳ አይሞላም።

ኢንጂነሮቹ ለዓመታት የተጨነቁት በዚህ ነው። በባለ ሦስት ፓናሉ ፕሮጀክተር የቀለም ፊልተሩን አስቀሩት፤ ነጩን ብርሃን በልዩ መስታወቶች ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አድርገው ይከፍሉትና እያንዳንዱን ወደየራሱ ፓናል ይልኩታል፤ በመጨረሻ በመስቀለኛ ፕሪዝም ይገናኛሉ። ማንም ቀለም አይጣልም። ኤፕሰን የመጀመሪያውን እንዲህ ዓይነት ፕሮጀክተር ለገበያ ያቀረበው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። የፖላራይዘሩን ብክነት ደግሞ በቀጫጭን ፕሪዝም ረድፍ ፈቱት፦ ረድፉ ሁለቱን የመርገብገቢያ አቅጣጫዎች ይለያያል፤ የማይፈለገውን ከመጣል ይልቅ በአንድ ስስ ፊልም አሳልፎ አቅጣጫውን ወደሚፈለገው ያዞረዋል። ሙሉ በሙሉ እጥፍ ባይሆንም የሚተርፈው ብርሃን ብዙ ነው።

ለወጥነቱ የተሠራው ግን ለእኔ ከሁሉም የሚያስደንቀው ነው። ከላምፑ ፊት ሁለት ብርሃን አሳላፊ መስታወቶች አሉ፤ ላያቸው በጥቃቅን አራት ማዕዘን ሌንሶች የተሞላ ነው። የመጀመሪያው ጎርበጥባጣውን ብርሃን በብዙ ቁራጭ ይከፍላል። ሁለተኛው እያንዳንዱን ቁራጭ ፓናሉን በሙሉ እስኪሸፍን ዘርግቶ አንዱን በሌላው ላይ ይደርበዋል። አንዱ ቁራጭ ግራው ደመቅ ያለ ከሆነ ሌላው ቀኙ ደመቅ ያለ ነው፤ ሲደራረቡ ይካካሳሉ። እዚያ መስታወት ላይ ያረፈ አቧራም ለዚህ ነው ነጥብ ሆኖ የማይታየው፤ ሙሉውን ምስል እኩል ያደበዝዛል። ነጥብ ሆኖ የሚታየው ፓናሉ ላይ ያረፈው ነው።

ሰኞ ገበያ፣ ያንተ ቡልብ ከፎከሱ ከተዛነፈ የመጀመሪያው መስታወት የከፈለው ቁራጭ ሁለተኛው ላይ የራሱን ሌንስ ስቶ ጎረቤቱ ላይ ያርፋል። ከፊሉ ይጠፋል፣ ከፊሉ ይዛነፋል። መሃሉ ጨምሮ ጥጉ ባለበት የቀረው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ዓይናችን ቀስ እያለ የሚቀንስ ብርሃንን ብዙም አያስተውልም። ጥጉ የመሃሉን 70 በመቶ ቢሆንና መቀነሱ ዝግ ያለ ቢሆን ማንም አያማርርም። ፊልም ላይ ከዚህ የባሰ ልዩነት እንኳ ይሸፈናል፤ ምስሉ ራሱ ጥላና ብርሃን አለውና። ኳስ ግን ሙሉ ሸራ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው፤ የፕሮጀክተርን ጉድለት እንደ ሣር ሜዳ የሚያጋልጥ ምስል የለም። ያንተ ቀኝ ታች ጥግ ከመሃሉ 40 በመቶ እንኳ አይደርስም። ደንበኞችህ እውነታቸውን ነው።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

መምህር እናመሰግናለን፤ እንዲህ ተብራርቶ አይቼው አላውቅም። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ላምፕ ውድ ነው፣ በዚያ ላይ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ገበያ ላይ ባለ 100 ዋት ኤልኢዲ ቺፕ በርካሽ አለ። ላምፑን አውጥቶ እሱን ቢገጥምበት ብርሃኑ አይበዛም?

ኦፕቲክስ ወዳጅ (ኮምቦልቻ)

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነኝ፤ ይህን ጥያቄ እኛም ክፍል ውስጥ አንስተነው ነበር። አይሆንም፤ ምክንያቱም ዋት አይደለም።

ብርሃን ሁለት ነገር ይዞ ይወጣል፦ የሚወጣበት ስፋትና የሚበተንበት ማዕዘን። የሁለቱን ብዜት በሌንስም በመስታወትም መቀነስ አይቻልም። ማዕዘኑን ላጥብበው ብትል ስፋቱ ይጨምራል፣ ስፋቱን ላጥብበው ብትል መበተኑ ይብሳል። የፕሮጀክተሩ ፓናል ደግሞ ትንሽ ነው፤ ሌንሱም የሚቀበለው ማዕዘን የተወሰነ ነው። ከላምፑ 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት የሚወጣው ብርሃን በዚያ በር ያልፋል። የ100 ዋቱ ቺፕ ግን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር በሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ፊት በሁሉም ማዕዘን ይረጫል። አብዛኛው ከበሩ ውጭ ይቀርና ሣጥኑን ያሞቃል። ላምፑ ራሱ ሲያረጅ የብረት ጫፎቹ እየተበሉ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ከማርጀቱ የተነሣ ከሚቀንሰው ብርሃን አንዱ ድርሻ ይኸው ነው፦ ብርሃኑ አለ፣ በሩ ግን አይበቃውም። በኤልኢዲና በሌዘር የሚሠሩ ጥሩ ፕሮጀክተሮች አሉ፤ እነሱ ግን ምንጩን ትንሽ አድርገው ከመጀመሪያው ለዚያ ታስበው የተሠሩ ናቸው።

በጥቃቅን መስታወቶች ለሚሠራው፣ ዲኤልፒ ለሚባለው ፕሮጀክተርም ሕጉ ያው ነው። እዚያ ብርሃኑን እኩል የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ከአራት ቀጫጭን መስታወቶች የተለጠፈ ቱቦ ነው፤ ብርሃኑ ውስጡ እየተጋጨ ሲወጣ እኩል ይሆናል። ሙጫው በሙቀት ለቆ አንዱ መስታወት ከወደቀ የምስሉ አንድ ጎን ይጨልማል። ዲኤልፒ ያላችሁ እዚያ ተመልከቱ።

ቴስተር (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ ተማሪው ጨርሶታል። እኔ ስለ ላምፕ ጥንቃቄ ብቻ ልጨምር። ሲሠራ ውስጡ ያለው ግፊት ወደ 200 አትሞስፌር ይደርሳል፤ ሜርኩሪም አለው። ተከፍቶ እያለ አታብሩት፣ በባዶ ዓይን አትዩት። ከፈነዳ ክፍሉን አናፍሱና ውጡ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፋኑ ወዲያው ይቆማል፣ ላምፑ ግን ገና የጋለ ነው፤ መብራት እንደመጣ ቶሎ ለማስነሣት አትታገሉ። እንደኛ መብራት ሄድ መጣ በሚልበት አገር አነስተኛ ዩፒኤስ ፋኑን ለጥቂት ደቂቃ ካቆየልህ ወጪውን ይመልሳል።

የመርሳዋ (መርሳ)

የኔ ጥያቄ የፕሮጀክተር ሳይሆን የቲቪ ነው፣ ከተፈቀደልኝ። 32 ኢንች ኤልኢዲ ቲቪ ነው፤ ምስሉ ላይ ክብ ክብ ነጫጭ ነጥቦች ወጡበት። መጀመሪያ አንድ ነበረች፣ አሁን አራት ሆነዋል። ጠጋኝ ዘንድ ወስጄው «ፓናሉ ሞቷል፣ አይሠራም» አለኝ። እናቴ የምታየው እሱን ነው፤ መጣል አልፈለግኩም።

ቴስተር (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ አትጣይው፤ ፓናሉ አልሞተም። ያንቺ ቲቪ ኤልኢዲዎቹ ከስክሪኑ ጀርባ በስትሪፕ (በረጅም ጠባብ ሰሌዳ) ላይ የተደረደሩበት ነው። በእያንዳንዱ ኤልኢዲ ላይ ቁልፍ የምታህል የፕላስቲክ ሌንስ ተለጥፋለች። ሥራዋ ብርሃኑን ወደ ጎን መበተን ነው። ሙጫው በሙቀት ሲለቅ ሌንሷ ትወድቃለች፤ ብርሃኑ በቀጥታ ወደ ፊት ይወረወርና ነጭ ነጥብ ይሆናል። የወደቁት ሌንሶች እዚያው ታች ተጠራቅመው ይገኛሉ።

የሚሠራው ሰው ፓናሉን በጥንቃቄ ያነሣል፣ ሌንሶቹን ይሰበስባል፣ ሦስት እግሮቻቸው በነበሩበት ምልክት ላይ በሁለት ቱቦ በሚቀላቀል ኢፖክሲ ይለጥፋል። ሱፐር ግሉ እንዳያስነካው ንገሪው፤ ሲደርቅ የሚወጣው ትነት ሌንሱን ነጭ ያለብሰዋል። ያልወደቁትንም በጣት ነካ ነካ እያደረገ የላሉትን አብሮ ይጠግን።

መምህር ዘሐይቅ (ሐይቅ)

እግረ መንገዴን፣ ቀጭኑን ቲቪና የላፕቶፕ ስክሪን በተመለከተ፤ እነሱ ኤልኢዲው ከጠርዝ ብቻ ነው ያለው። ከጠርዝ የገባ ብርሃን እንዴት መሃሉ ላይም እኩል ይሆናል ብለው ተማሪዎቼ ይጠይቁኛል። ከመርሳ ነሽና የመስኖ ቦይ ታውቂያለሽ። ከውኃው ራስ ላይ ያለው ማሳ በሩን በሰፊው ከከፈተ መጨረሻ ላይ ላለው አይደርሰውም፤ ስለዚህ ለላይኛው ጠበብ፣ ለታችኛው ሰፋ አድርገው ይከፍታሉ። የጠርዙም ስክሪን ብርሃን የሚመራ ወፍራም የአክሪሊክ ሰሌዳ አለው፤ ጀርባው ላይ ነጫጭ ነጥቦች ታትመውበታል። ብርሃኑ የሚወጣው በነዚያ ነጥቦች ነው። ኤልኢዲው አጠገብ ሳሳ ብለው ይታተማሉ፣ ሲርቁ እየበዙና እየገዘፉ ይሄዳሉ። ሰሌዳውን ብርሃን ላይ ይዞ ያየ ሰው በዓይኑ ያየዋል። ለዚህ ነው ያ ሰሌዳ መፋቅ የሌለበት፤ በአልኮል መጥረግም አይገባም፣ አክሪሊክ በአልኮል ጥቃቅን ስንጥቅ ያወጣል።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ቲቪ ላይስ? ስትሪፑ ሲደክም ድራይቨሩ (ኤልኢዲዎቹን የሚመግበው ሰርኪት) ላይ ከረንቱን ጨምሮ ማብራት ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ቴስተር (ኮምቦልቻ)

ይቻላል፣ ግን አታድርገው። እኔ የማደርገው ተቃራኒውን ነው፦ አዲስ ስትሪፕ ስገጥም የከረንት መለኪያ ሬዚስተሩን ቀይሬ ከረንቱን በሩብ ገደማ ዝቅ አደርገዋለሁ። ዓይን ብርሃንን በቀጥታ አይቆጥርም፤ ሩብ ሲቀንስ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ብዙም አያውቀውም። ኤልኢዲው ግን ይቀዘቅዛል፣ በያንዳንዱ ዋት የሚሰጠው ብርሃንም ይሻሻላል፣ የሌንሱም ሙጫ ይበረክታል። በሌላ በኩል አንድ የሞተ ኤልኢዲ ብቻ ነቅሎ ያገኙትን መግጠም ወጥነትን ያበላሻል። 3 ቮልትና 6 ቮልት ያላቸው አሉ፤ ነጭነታቸውም ይለያያል፣ አንዱ ወደ ሰማያዊ አንዱ ወደ ቢጫ ያደላል። ሙሉ ሴቱን መቀየር ነው።

ብርሃን ያለ ተጨማሪ ዋት ማግኘት የሚቻለው ከጀርባ ባለው ነጭ ወረቀት ላይ ነው። ከፓናሉ ሥር ያሉት የፕሪዝም ፊልሞች ቀጥ ብሎ የመጣውን ብርሃን መልሰው ወደ ጀርባ ይልካሉ፤ ነጩ ወረቀት አንጸባርቆ እንደገና ይልከዋል፤ ብርሃኑ ትክክለኛውን ማዕዘን እስኪያገኝ ይመላለሳል። አንጸባራቂ ፖላራይዘር ያላቸው ደግሞ የማይፈለገውን አቅጣጫ ከመዋጥ ይልቅ እንዲሁ ይመልሳሉ። በየዙሩ የሚጠፋውን የሚወስነው የወረቀቱ ንጣት ነው። ወረቀቱ ላይ የጣት አሻራና ጥላሸት ትቶ የሚዘጋ ጠጋኝ ሳያውቀው ብርሃን እየሰረቀ ነው። ጓንት ማድረግ፣ ፊልሞቹን ሲያነሡ የትኛው ከላይ የትኛው ከታች እንደነበረና በየትኛው ጎኑ እንደተኛ ምልክት ማድረግ፤ ተገልብጦ የተመለሰ የፕሪዝም ፊልም ቲቪውን በግልጽ ያደበዝዘዋል።

የከሚሴ መምህርት (ከሚሴ)

እኔ ለባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ በራሴ ገንዘብ ትንሽ ፕሮጀክተር ገዝቻለሁ፤ አንድ ፓናል ያላት፣ ኤልኢዲ ያላት ርካሽ። ሣጥኑ ላይ 9000 ሉመን ይላል፣ ግን መስኮት ተከፍቶ ምንም አይታይም። አሁን ደግሞ መሃሉ ላይ ቡናማ ደመና ተፈጠረ። የልጆቹ ነገር ያሳዝነኛል፤ የሕዋስ ሥዕል ለመጀመሪያ ጊዜ በትልቁ ሲያዩ እንዴት እንደሚሆኑ ብታዩ።

ቴስተር (ኮምቦልቻ)

መምህርት፣ ሣጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ከሸራው ላይ የተለካ አንሲ ሉመን አይደለም፤ አያስደንግጥሽ። በዚያች ዕቃ ውስጥ መምህር ዘሐይቅ የተናገሩት ብክነት ሁሉ አለ፦ የቀለም ፊልተሩም አለ፣ ብርሃን የሚያዞረው ረድፍ የለም። ግማሹ ብርሃን በሙሉ የመጀመሪያው ፖላራይዘር ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ቡናማው ደመና የዚያ ፊልም መቃጠል ነው። ፓናሉ ደኅና ከሆነ ፊልሙን ብቻ መቀየር ይቻላል። ከተሰበረ ቲቪ ላይ የሚነሣ አንጸባራቂ ፖላራይዘር ከፊቱ ቢገባ ደግሞ የማይፈለገውን ብርሃን ወደ ኤልኢዲው ይመልሰዋል፤ አዲሱ ፊልም ይቀዘቅዛል።

ኦፕቲክስ ወዳጅ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከቲቪ የሚወጣው አንጸባራቂ ፖላራይዘር አብዛኛው ከማት (ብርሃን ከሚበትን ደብዛዛ) ፊልም ጋር ተለጥፎ ነው የሚመጣው። ቲቪ ላይ ጥሩ ነው፣ ብርሃኑን ያለዝባል። ፕሮጀክተር ውስጥ ግን በፍሬኔል (ስስ ጠፍጣፋ) ሌንስ ተሰብስቦ የመጣውን ብርሃን መልሶ ይበትነዋል፤ የተበተነው የፊት ሌንሱን ይስታል፣ ትርፉ ኪሣራ ይሆናል። ጽሑፍ ላይ አስጠግተው ይዩት፤ ራቅ ሲያደርጉት ጽሑፉ ከደበዘዘ ለፕሮጀክተር አይሆንም። እንደ መስታወት ጥርት ያለው ብቻ ነው የሚጠቅመው።

ቴስተር (ኮምቦልቻ)

ልክ ነህ፤ ጥርት ያለውን ነው መፈለግ ያለባት። መምህርት፣ እስከዚያው ምስሉን አሳንሺው። ወርዱንና ቁመቱን በግማሽ ስትቀንሺ ብርሃኑ በአራት እጥፍ ይደምቃል። ሸራውንም ከመስኮቱ ትይዩ ሳይሆን መስኮቱ ባለበት ግድግዳ ላይ አድርጊው፤ የቀን ብርሃን በቀጥታ አያርፍበትም።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)

ቤተሰብ፣ ተመልሻለሁ። ኮምቦልቻ ወርጄ ጋሼ ቴስተር ዘንድ ከፈትነው። ቡልቡ በአንጸባራቂው አንገት ላይ ዘመም ብሎ ነው የተለጠፈው፤ በዓይን ይታያል። ከነቤቱ ያለ ላምፕ አስገባን። ባለ ብዙ ሌንሱ መስታወት ላይ ቢጫ የጢስ ሽፋን ነበር፤ ጠረጉት። ፕሮጀክተሩን ከግድግዳው አውርጄ ጣራ ላይ ሸራው መሃል ትይዩ ሰቀልኩት፣ ኪስቶን ዜሮ። ጀበናው ወደ በሩ ዞሯል።

ሌላም ነገር አወቅሁ። ፓናሉ 4 ለ 3 ነው፤ ኳሱ ደግሞ 16 ለ 9። ስለዚህ ከፓናሉ ሩቡ ሁልጊዜ ከላይና ከታች ጥቁር ባንድ እያሳየ ነው የሚሠራው፤ ያ ብርሃን ለእኔ ቤት ምንም አልጠቀመም። ወደፊት ስገዛ ሉመኑን ብቻ ሳይሆን ይህን ነው የማየው። ለጊዜው ምስሉን ከ3 ሜትር ወደ 2 ሜትር ከ40 አሳነስኩት። ሰው ይቆጣል ብዬ ነበር፤ «ምን ቀየርክ? ኳሷ ታየች» ነው ያሉት። በሸራው ዙሪያ ያለውን ግድግዳ ጥቁር ግራጫ ቀባሁት፣ የቆርቆሮውን ቀዳዳ ደፈንኩ።

አዲሱ ልኬት፦ መሃል 620፣ ቀኝ ላይ 470፣ ቀኝ ታች 460፣ ግራ ታች 480። ግራ ላይ 400 ነው፤ ቢጫዋ አሁንም አለች። ጦሳ ሥር መጥቶ በዓይኑ አይቷል፣ ይመስክር።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

እመሰክራለሁ። ባለ 5000 ግዛ ያልኩትን አንስቻለሁ። የሱን ቤት ሣር አይቼ የራሴን ቲቪ ጀርባ ልከፍት ነው።

ቴስተር (ኮምቦልቻ)

ጦሳ ሥር፣ ከመክፈትህ በፊት ከሶኬት ንቀለውና ትንሽ ቆይ፤ የድራይቨሩ ካፓሲተር ቻርጅ ይዞ ይቆያል።

ሰኞ ገበያ፣ የሰማያዊው ፖላራይዘር ከአዲስ አበባ ተልኮልኛል። ከነመስታወቱ የሚገጠም ስለሆነ አቅጣጫው አይሳሳትም፤ በ90 ዲግሪ ዞሮ ቢገባ ሰማያዊው በሙሉ ይገለበጥ ነበር። ጨዋታ በሌለበት ቀን አምጣው። የአየር ፊልተሩንም እስከዚያ በደረቅ ብሩሽ ብቻ አራግፈው፣ ውኃ አታስነካው።